የዓይን ክሊኒካችን ነጻ ምርመራ ሊያዘጋጅ ነው፣ የታካሚ ቪዲዮ እንልቀቅ ወይስ ሌላ መላ አለ?

ጠብታ፦

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ሰነበታችሁ። ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቅ ከተማ አንዲት ትንሽ የዓይን ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። ክሊኒክ ስል ብዙ እንዳትጠብቁ፣ አራት ክፍል ናት፣ አንድ ኦፕቶሜትሪስት (ዕይታ የሚለካና መነጽር የሚያዝ ባለሙያ) አለ፣ እኔ አለሁ፣ ካርድ የምታወጣ ልጅ አለች፣ ሐኪሙ ደሞ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣልን፣ የዓይን ሞራ ኦፕሬሽን የሚሰራው ያኔ ነው።

አምና አንድ ቅዳሜ ነጻ ምርመራ ብለን ነበር። ባነር አሰራን፣ ፌስቡክ ላይ ለጠፍን፣ ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ጭነን ከተማውን አዞርን። የመጣው ግን አብዛኛው እዚሁ ከተማ ያለ መነጽር ፈላጊ ነው፣ ተማሪ ምናምን። እነሱም ይምጡ ግዴለም፣ እኛ ያሰብነው ግን ገጠር በራፍ ላይ ተቀምጠው ሰውን በድምፁ የሚለዩትን እናቶችና አባቶች ነበር፣ እነሱ በጣት ነው የሚቆጠሩት።

ዘንድሮ የዓለም የዕይታ ቀንን አስታከን ጥቅምት መግቢያ ላይ ልንደግመው ነው። ባለቤቱ ችግሩ ማስታወቂያ ነው ባይ ነው፣ ቲክቶክ ላይ የሚሰራ የእህቱ ልጅ አለ፣ እሱ መጥቶ ሞራ የተሰሩ ሰዎች በነጋታው ፋሻቸው ሲፈታ ይቅረጽና እንልቀቅ ይላል። እኔ ልቤ እንቢ አለኝ፣ ግን ለምን እንቢ እንዳለኝ በደንብ ማስረዳት አልቻልኩም። ታሪኩ ደስ ስለማይል አይደለም። ባለፈው አንዲት እናት ፋሻውን ስፈታላቸው እኔ ፊቴን ያያሉ ብዬ ፈገግ ብያለሁ፣ እሳቸው ወደ ታች አይተው "አንቺ ልጅ፣ ጫማሽ ተቀዷል እኮ" አሉኝ። ተቀዶ ነበር፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም አላየብኝም ብዬ ነበር የምሄድበት 😂

እና ጥያቄዬ፣ እናንተ ሰፈር ሰው ወደ ዓይን ህክምና የሚመጣው ምን ሰምቶ ነው? የታካሚ ታሪክ ማውራት ራሱ ልክ ነው? ከሆነስ እንዴት? ልምድ ያላችሁ ንገሩኝ።

የምስሯ ልጅ፦

እናቴን ልንገርሽ። ሦስት ዓመት ሙሉ አልሄድም ብላ አስቸግራናለች። አንደኛ "ዓይንን አውጥተው አጥበው ነው የሚመልሱት" የሚል ወሬ ሰምታለች፣ ሁለተኛ ድሮ የሆነ ሰው "ሞራሽ ገና አልበሰለም፣ ሲበስል ይነሳል" ብሏት ስለነበር መብሰሉን ስትጠብቅ ጭራሽ እጇን ማየት አቃታት። እናቴ ደሞ ስራ ፈታ መቀመጥ አትችልም፣ ምስር ልልቀም ትላለች፣ እንሰጣታለን፣ በጣቷ እየዳበሰች ትለቅማለች፣ ስትጨርስ እህቴ ጓዳ ይዛው ትገባና እንደገና ትለቅመዋለች፣ ጠጠሩ እንዳለ ነዋ። እንዳትሰማን ሰፌዱን እንኳ መሬት ላይ ቀስ አርገን ነበር የምናስቀምጠው።

ያሳመናት ዶክተርም ቪዲዮም አይደለም። የማርያም ማህበርተኛዋ ተሰርታ መጥታ አጠገቧ ቁጭ ብላ ቡና ጠጣች። እናቴ ፊቷን በእጇ ዳብሳ "እንዴት ነው፣ አውጥተውታል?" ስትላት "ኧረ ባለበት ነው፣ መርፌዋ ቆንጠጥ ታረጋለች፣ ከዛ መብራት መብራት ይልሻል፣ አቦሉ ሳይወርድ ያልቃል" አለቻት። በሳምንቱ ራሷ ውሰዱኝ አለች።

በነጋታው ፋሻው ሲፈታ ታለቅሳለች ብለን ሶፍት ይዘን ቆመናል፣ እሷ አላለቀሰችም። ቤት ስትገባ ግን ቀና ብላ ጣራውን አየችና "ይሄ ሁሉ ጥቀርሻ ሲጠራቀም ዝም ብላችሁ ታያላችሁ?" ብላ ጀመረችን፣ ሦስት ቀን ሙሉ ስታጸዳንና ስትቆጣን ከረመች (አቧራና ጭስ ተጠንቀቂ ብለዋት ነበር፣ ማን ይሰማል)። አሁን እህቴ የለቀመችውን ምስር ደግማ የምትለቅመው እሷ ናት።

ጠብታ፦

የምስሯ ልጅ 😂😂 እናትሽን ሳሚልኝ። "ይብሰል" የሚለው ነገር እኛም ጋ በየቀኑ ነው የሚመጣው። ድሮ በሌላ ዘዴ ሲሰራ መጠበቅ ነበረበት፣ አሁን ግን የደፈረሰው የዓይን ሌንስ ወጥቶ በምትኩ ሰው ሰራሽ ሌንስ ስለሚገባ ሰውየው ጨርሶ እስኪታወር መጠበቅ የለበትም፣ እንዲያውም በጣም ሲጠጥር ለሐኪሙም ያስቸግራል። ይሄን በቃል ብናገረው ሰው አያምነኝም፣ የማህበርተኛዋ ቡና ነው የሚሻለው መሰለኝ።

ታናሽ ወንድ ልጅ፦

ልብሽ እንቢ ያለበትን ምክንያት እኔ ልንገርሽ እህቴ። አባቴ ከዓመታት በፊት በአንድ ነጻ የሞራ ዘመቻ ላይ ተሰራ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ስራቸው ጥሩ ነበር፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ዛሬም ያያል። ግን ፋሻው ሲፈታ ቀርጸውት ኖሮ ለቀቁት። ፈቃድ ጠይቀውኛል ይላል አባቴ፣ "እንቀርጽሃለን አሉኝ፣ እሺ አልኩ"። ያልገባው ነገር ቪዲዮው አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ ስልክ ላይ ድረስ እንደሚሄድ ነው። ፋሻ በዓይኑ ላይ ያለ፣ በዛ ቀን ማን እሺ ባላለ፣ እንቢ ብል ባይፈቱልኝስ ብሎ አያስብም?

በዛ ላይ ዋሽንት አስገብተውበት "10 ዓመት በጨለማ የኖሩ አባት" ብለው ጻፉበት። አባቴ ሁለት ዓመት ነው ያስቸገረው፣ ያውም በአንድ ዓይኑ እያየ ከብት ይጠብቅ ነበር። እሱን በጣም ያናደደው ግን ይሄ አይደለም። የሆስፒታሉን ገዋን ለብሶ፣ ጸጉሩ ሳይስተካከል፣ ጋቢውን ሳይደርብ መታየቱ ነው። "ሰው እኮ ፎቶ ሲነሳ ይለብሳል" አለኝ። የሰው ሰርግ ሲጠራ "ያ በቴሌቭዥን ያለቀሰው" እያሉ ልጆች ሲስቁበት ሁለት ሰርግ ቀርቷል። ቴሌቭዥን አይደለም ብለህ ብታስረዳ ማን ይሰማሃል።

ስለዚ ምክሬ፣ በዛን ቀን ምንም አትቅረጹ። ከወር በኋላ ለቼክ አፕ ሲመጡ ወይ ቤታቸው ሂዳችሁ፣ ለብሰው፣ ልጆቻቸው ባሉበት፣ የት እንደሚታይ በስልክ አሳይታችሁ ጠይቁ፣ እንቢ ካሉም ቡናውን ጠጥታችሁ ተመለሱ። ከተለቀቀ በኋላ አውርዱልኝ ካሉም ይውረድ።

ኤክስቴንሽኗ፦

እኔ 14 ዓመት ጤና ኤክስቴንሽን ነኝ፣ ገጠር። እውነቱን ልንገርሽና አትቀየሚኝ፣ ጥቅምት ላይ ማንም አይመጣልሽም። የዕይታ ቀኑ ለዓለም ነው፣ ለገበሬው እንጃ። አሁን አረም አለ፣ ከዛ አጨዳ፣ ከዛ ውቂያ። አንድ ዓይናቸው የጠፋ አያት ወደ ከተማ ሲመጡ የሚመራቸው ሰው ይፈልጋሉ፣ የሚመራው ደሞ ወይ ልጃቸው ነው ማሳውን ትቶ፣ ወይ የልጅ ልጃቸው ነው ትምህርቱን ትቶ። አባወራው ይሄን ቆጥሮ ነው የሚያስቀራቸው፣ ክፋት አይደለም። ጥር አጋማሽ አርጊው፣ እህሉ ገብቷል፣ መንገዱ ደርቋል። ሰርግ ይበዛል ብቻ፣ እሱን አይተሽ ቀን ምረጪ፣ የገበያ ቀን ከሆነ ደሞ አህያውም ሰውም ከተማ ውስጥ ነው።

ሁለተኛ፣ አጠራሩ። እኛ በፊት ቤት ለቤት ስንዞር "ዓይኑን ያመመው አለ?" ነበር የምንለው፣ ሁሉም የለም ይላል። እርጅና ነው ይላሉ እንጂ ህመም ነው አይሉም። አንድ ቀን አንዷ የልማት ቡድን መሪ፣ ትምህርት ያልነካት ሴት ናት፣ "እሱን ተይና ወረንጦ ያለው ማነው በይ" አለችኝ። ወረንጦ አምጡ ስል አምስት ሴት ከመቀነቷ ፈታ አወጣች። አምስቱም ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ዞሮ ብሌናቸውን እየፋቀ፣ በየሳምንቱ ጎረቤት እየነቀለላቸው የሚኖሩ ናቸው። ይሄ እኮ የዓይን ማዝ (ትራኮማ የሚሉት) መጨረሻው ነው፣ በልጅነት በዓይን አር፣ በዝንብ፣ በአንድ ፎጣ ይጀምርና ቆቡ ከውስጥ እየጠበሰሰ እድሜ ልክ ይጎትታል፣ ልጅ የሚያቅፉት ሴቶቹ ስለሆኑ እነሱ ላይ ነው የሚበዛው። መንቀል መፍትሄ አይደለም፣ ተመልሶ ሲበቅል ጭራሽ ጎርበጥ ብሎ ነው የሚወጣው። የቆብ ኦፕሬሽኑን ደሞ የሰለጠነ ነርስ ጤና ጣቢያ ላይ ይሰራዋል፣ እናንተ ባትሰሩትም ለይታችሁ ወደዛ ላኩ። ለቅስቀሳ "ወረንጦ የያዛችሁ ኑ" በሉ፣ ሌላ ቃል አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ ማደሪያ። ይሄን ማንም አያስብም። ሞራ የተሰራ ሰው ፋሻው የሚፈታው በነጋታው ነው፣ አራት ሰዓት በእግሩ የመጣ ሰው የት ይደር? ዘመድ የሌለው እንቢ ይላል። እኛ ወረዳ ያረግነው ምን መሰለሽ፣ እድሩን ጠየቅን። እድር ድንኳን አለው፣ ፍራሽ አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ ሰው ካልሞተ ተጣጥፎ ነው የሚቀመጠው። የእድሩ ዳኛ መጀመሪያ "ድንኳኑ ለሐዘን ነው የተገዛው" ብለው ነበር፣ ኋላ ግን ጸሐፊው "ሰው ለሞተበት ከተተከለ ዓይን ለበራለት ለምን አይተከልም" ሲል ተሳስቀው ፈቀዱ። ሴቶቹ ሽሮ ሰሩ። ጡሩንባ ነፊው ራሱ ዞሮ ጠራ፣ በእርግጥ ጡሩንባው ሲነፋ ማን ሞተ ብለው ነጠላ አዘቅዝቀው የወጡ ነበሩ 🙈 ከዛ በኋላ ያለ ጡሩንባ በቃሉ እንዲጠራ ተባለ።

አዲስ አማኝ፦

ይሄ ሁሉ ግርግር ለምን ነው ጸበል እያለ

ዲያቆን ነኝ፦

@አዲስ አማኝ ወንድሜ እኔ በማገለግልበት ጸበል ለዓይናቸው የሚመጡ ብዙ አሉ። ይጠመቃሉ፣ ያምናሉ፣ ጥሩ። የሚያጠምቁት አባት ግን ዓይኑ ነጭ የሆነውን ሰው ሲያዩ "ጸበሉንም ተጠመቅ፣ ሐኪምም ዘንድ ሂድ፣ ሁለቱም የሱ ነው" ይሉታል። እህቴ ጠብታ እንዲያውም ለካህናቱ ቀድማችሁ ንገሩ፣ ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ ሲነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። መስጊድ ላሉትም እንደዚሁ ከጁምዓ በኋላ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አንድ የኛ አባት ዳዊት ሲደግሙ ገጹን እየገለጡ ነው፣ እኔ አጠገባቸው ቁሜ ሳየው ገጹና የሚሉት አይገናኝም፣ ለካ ፊደሉ ከጠፋባቸው ቆይቷል፣ በቃላቸው እየወጡት ሰው እንዳያውቅ ነው የሚገልጡት። እኛ ሰፈር የዓይን ምርመራ ሲመጣ ሞራ አይደለም አሏቸው፣ የእድሜ ነው፣ የቅርብ ማንበቢያ መነጽር ሰጧቸው። አሁን የኔን ግድፈት እያረሙ አስቸግረውኛል።

የግራ ትከሻ፦

አንብቤ ልለፍ ብዬ ነበር አልቻልኩም። ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ሞራ ነው፣ ደስ የሚል ታሪክ ስላለው። የኔ ፋሻ የሚፈታበት ቀን የለውም። እኔ ግላኮማ ነኝ።

43 ዓመቴ ነበር። ምንም አላመመኝም፣ ልክ እንደ ቄሱ ማንበቢያ መነጽር ልግዛ ብዬ ነው የገባሁት። ከዛ በፊት አንድ ዓመት ያህል ግራ ትከሻዬ በር መቃን እየመታ ይላላጥ ነበር፣ ባለቤቴ "ምነው ሰከርክ እንዴ" ትለኛለች፣ እኔም እስቃለሁ። ለካ ከግራ በኩል ያለው ዕይታዬ ቀስ እያለ እየተሸረፈ ነው። መሃሉ ጥሩ ስለሆነ ያቺን የምትገለባበጥ ፊደል ያለባትን ሰሌዳ እስከታች አነበብኩ፣ ልጅቷ ግን የዓይን ግፊቴን ስትለካ ፊቷ ተቀየረ። ነርቩ ተጎድቷል አሉኝ፣ የሄደው አይመለስም፣ ያለው እንዳይሄድ ጠብታ በየቀኑ እድሜ ልክ።

ይሄን ታሪክ ማን ቲክቶክ ላይ ያወጣዋል? ግን እኮ ሞራ ዛሬ ባይሰራ ነገ ይሰራል፣ የኔ በሽታ ነው ቀድሞ ሊነገር የሚገባው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ጠብታው ምንም ለውጥ አላመጣልኝም ብዬ አቁሜው ነበር፣ ስራው ለውጥ ማምጣት ሳይሆን ባለበት ማቆም እንደሆነ ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳኝም፣ ያ ሁለት ወር ምን እንደወሰደብኝ አላውቅም። በጾም ጊዜ ደሞ ጠዋት ማንጠባጠቡ ጾም ያስፈርሳል ብሎ የሚተው ሰው አውቃለሁ፣ ለዲያቆኑና ለሼኹ ይሄንንም ንገሩልን።

ሌላው የቤተሰብ ነገር ነው። በዘር የመሄድ እድል አለው ስላሉኝ ሦስት ወንድሞቼን በግድ አስመረመርኩ፣ አንዱ ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኘ፣ እሱ ምንም ሳያጣ ጀመረ። ክሊኒካችሁ ሰው ፈልጎ ታሪክ ካስነገረ እኔ ፈቃደኛ ነኝ፣ ያለሁት ሩቅ አይደለም፣ ድንኳኑ ስር ተቀምጬ በር መቃን ማን እንደሚመታው እጠይቃለሁ። ልክ እንደ ወረንጦው።

ጠብታ፦

@የግራ ትከሻ ጋሼ (ጋሼ ልበልዎት) ይሄን አንብቤ ለኦፕቶሜትሪስቱ ሳነብለት ዝም ብሎ ቆየ። አምና በር ላይ ዕይታ ብቻ ለክተን ደህና ነህ ብለን የሸኘነው ሰው ስንት እንደሆነ ነው ያሰብነው። ዘንድሮ ከ40 በላይ ለሆነ ሁሉ ግፊት እንለካለን፣ ነርቩም ይታያል፣ ሰልፉ ይርዘም እንጂ። በውስጥ መስመር እጽፍልዎታለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እኛ እዚህ አሜሪካ በቤተክርስቲያናችን ያገለገለ መነጽር ሰብስበን ሁለት ትልቅ ካርቶን ሞልቷል፣ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አለ፣ ለናንተ እንላከው? ዝም ብሎ ከሚጣል ብለን ነው።

ሞራጅ፦

@ከሲልቨር ስፕሪንግ እግዜር ይስጥልን፣ ግን እኔ መነጽር ቤት ነው የምሰራው፣ በግልጽ ልናገር። ከዚህ በፊት እንደዚህ ዓይነት ካርቶን መጥቶልን ነበር፣ ሁለት ሰው አንድ ሳምንት ሙሉ አንድ በአንድ እየለካ ቁጥሩን ጻፈ፣ ግማሹ የተጫረ፣ ግማሹ ለአንድ ሰው ዓይን ብቻ የተሰራ፣ አስቲግማቲዝሙ ከማንም ጋር የማይገጥም። ጥቅም ላይ የዋለው ጥቂት ነው፣ እናቶችም ያ ሮዝ ፍሬም ያለው አይመቻቸውም። ለካርቶኑ ኪሎ የምትከፍሉትን ብር አዲስ የማንበቢያ መነጽር ግዙበት፣ ከ+1 እስከ +3 ያለው። ልብስ ሰፊው፣ ጥጥ የምትፈትለዋ፣ ዳዊት የሚደግሙት አባት፣ ሁሉም የሚፈልጉት እሱን ነው፣ በአምስት ደቂቃ ይለካል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ትንሽ ከፋኝ ግን ገባኝ 😅 ለኮሚቴው አነሳዋለሁ። እናቴም ራሷ ግላኮማ አለባት፣ እዚህ ሆኜ ጠብታሽን አደረግሽ ወይ እያልኩ በቫይበር ነው የምጠይቃት።

አኃዝ ወዳጅ፦

ለባለቤቱ በቁጥር ማስረዳት ከፈለግሽ፣ በ1998 ዓ.ም አካባቢ በተሰራው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ዓይነ ስውር ነበር፣ ከዛ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በሞራ፣ 11.5 በመቶው ትራኮማ ባመጣው የብሌን ጠባሳ፣ 5.2 በመቶው በግላኮማ። ቆይቷል ጥናቱ፣ ግን ግማሹ በአንድ ኦፕሬሽን የሚመለስ መሆኑ አልተቀየረም። ኤክስቴንሽኗ ያለችውን ነው እንግዲህ፣ ችግሩ ሰው አለማወቁ ብቻ አይደለም፣ ማን ይምራቸው የት ይደሩ ነው።

ጠብታ፦

ቤተሰብ ተመልሻለሁ፣ ሁለት ሳምንት ጠፋሁ። ባለቤቱ ጋ ቁጭ ብለን ይሄን ሁሉ አነበብንለት፣ ጥቅምትን ትተን ጥር ሆነ፣ ሐሙስ፣ ገበያ ቀን ነው። የእድሩን ዳኛ ሄጄ አነጋገርኳቸው፣ ድንኳኑን ፈቀዱ ግን ሰው ከሞተ ይነቀላል ብለዋል፣ ልክ ናቸው። የጫማዬን መቀደድ ያዩብኝ እናት ደሞ "እኔ ልጥራቸው፣ እኔን ያውቁኛል" ብለው ራሳቸው ሁለት ቀበሌ ሊዞሩ ነው፣ ልጃቸው በበቅሎ ይዟቸው ይሄዳል። ቪዲዮ እንቅረጽዎት ወይ ስላቸው "ቀሚሴን ላጥብና" አሉኝ፣ እናያለን።

የቲክቶኩ ልጅ ግን ይመጣል። ኤክስቴንሽኗ ያልሺው ሽሮ ሽንኩርት የሚልጥ ሰው ጎድሎት ነበር።

@ኤክስቴንሽኗ አንድ ጥያቄ፣ ለ60 ሰው ስንት ኪሎ ሽሮ ይበቃል?